የጥይት ማስታወቂያው ሽማግሌ

«ይሄ ሰውዬ እኛ ቤት ነው የሚኖረው?» አለች አረጋሽ።

ውድነህ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ከመታጠቢያ ቤት እየወጣ ነበር። ሚስቱ ሎውሪ ሰፈር ያሉ አንዲት አሮጊት ስታስታምም አድራ ገና መግባቷ ነው፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ከፖስታ ሳጥኑ ያወጣችውን ሁሉ፣ የመብራቱን ቢል፣ የኢንሹራንሱን ደብዳቤ፣ የፒዛ ቤቱን ኩፖን፣ ጠረጴዛው ላይ በትናዋለች። አንዱን ግን ለይታ ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ አቁማዋለች። የሚያብረቀርቅ፣ የመጽሐፍ ሽፋን የሚያክል ካርድ ነው። ካርዱ ላይ አንድ ጠይም፣ ጢሙ የሸበተ፣ ቡናማ ሹራብ የለበሰ ሰው ከቅዳሴ እንደወጣ ሁሉ ለስለስ ብሎ ፈገግ ብሏል። በሁለት እጁ፣ ለእንግዳ ቆሎ እንደሚያቀርብ ሰው፣ አንዲት ትንሽ ካርቶን ይዟል። ካርቶኗ የጥይት ናት። ከራሱ በላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «ጸጥ ያለ ሰው። የተዘጋጀ ሰው» ይላል፤ ከሥር ደግሞ አነስ ባለ ጽሕፈት፣ ለቤት ጥበቃ የተሠራ አዲስ ጥይት፣ ሃምሳ ፍሬው በሃያ አራት ዶላር፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ።

ሰውዬው ውድነህ ነው።

«ፎቶው ያምራል» አለች አረጋሽ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ውድነህን ያስፈራውም ይኸው ነበር።

«የቆየ ነው እኮ። በመጸው ነው የተነሳሁት።»

«የት ነው ያለው?»

«ምኑ?»

«መቼም ጥይት ብቻውን በኪስህ ይዘህ አትዞር! ሽጉጡ የት ነው?»

ውድነህ ፎጣውን ከአንገቱ አወረደና አጣጠፈው፤ ከዚያ መልሶ ዘረጋው። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከሻንጣዎቹ ኋላ፣ ቁልፍ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ መሆኑን ነገራት። ጥይቱ ለብቻው እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉ ከሱ እንደማይለይ፣ ልጃቸው ሄራን እንደማታውቅ፣ ከገዛው ሁለት ዓመት እንደሆነው፣ አንዱን ካንዱ እያያዘ አወረደው። ጥንቃቄውን እንድታይለት የፈለገ ይመስል ነበር። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ቤንዚን ሲቀዳ አንድ ልጅ ሽጉጥ ደግኖ ስልኩን የቀማው ጊዜ፣ አረጋሽ ራሷ ሦስት ቀን ሥራ አትወጣም ብላ ያለቀሰችበት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ነው የገዛው። ማክሰኞ ማክሰኞ ለአዛውንት ግማሽ ዋጋ ስለሆነ የገዛበት ሱቅ እየሄደ መተኮስ ይለማመድ ነበር። አንድ ማክሰኞ ካሜራ ያንጠለጠለች ሴት መጥታ «እንዳንተ ያለ ፊት ነው ስንፈልግ የከረምነው» አለችው፤ በጣቱ ታብሌት ላይ ፈረመ፤ ኮፍያና ሁለት ካርቶን ጥይት ሰጡት። እዚያው ግድግዳቸው ላይ የሚሰቅሉት መስሎት ነበር። አረጋሽ ይሄን ሁሉ ቆማ ሰማችና «ሁለት ዓመት እሱ ሥር ተኝቻለሁ በላ» አለች። ካውያውን ሰክታ፣ ለዛሬ ያዘጋጀችለትን ነጭ ሸሚዝ መተኮስ ጀመረች። እጅጌውን ተኩሳ ጨርሳ እንደገና እጅጌውን ተኮሰች።

ዛሬ ተራ ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በባልና ሚስት መካከል ያልቅ ነበር። ዛሬ ግን ከቀኑ በአሥር ሰዓት ውድነህ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ሄዶ አቢጊያ የምትባል ልጅ ለሊዑል ይለምናል። ሊዑል የአረጋሽ የሟች እኅቷ ልጅ ነው፤ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ከልጅቷ ጋር አራት ዓመት ተዋደዋል። የልጅቷ ወላጆች ጴንጤ፣ እነአረጋሽ ኦርቶዶክስ ናቸውና ለገና የተላኩት ሽማግሌዎች ቆመው ሄደው ቆመው ተመልሰዋል። ያን ጊዜ የልጅቷ አባት «ስለ ሃይማኖቱ አይደለም፣ ሰዎቹን አናውቃቸውም» አለ ተባለ። ስለዚህ የሚታወቅ ሰው ተፈለገ። በዴንቨርና በአውሮራ ከተጣላ ባልና ሚስት ውድነህ ሳሎን ያልተቀመጠ ጥቂት ነው፤ ኤርፖርት የመኪና ማቆሚያ አውቶቡስ እየነዳ የሚኖር ሰው ቢሆንም፣ ገብቶ ካስታረቀ ያስታረቀው አይፈርስም ይሉታል። ሁሉም የተማመነው በሱ ፊት ነበር።

ሄራን ከመኝታ ቤቷ ስትወጣ ካርዱን አየችው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የምትስቀውም የምትናደደውም በእንግሊዝኛ ነው።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ! ዩ ሉክ ሶ ስዊት!»

«ተይ፣ ፎቶ እንዳታነሺው» አለ ውድነህ።

«ዳድ፣ ኢት'ስ ኦልሬዲ ኤቭሪዌር። ጓደኛዬ ዮርዲም ልካልኛለች። እነሱም ቤት መጥቷል።» ከዚያ እናቷን አየች፤ ካውያውን አየች፤ ፈገግታዋን ሰብስባ ተመልሳ ገባች።

ስልኩ ጮኸ። ንዋይ ነበር፤ አብረውት ከሚሄዱት ሽማግሌዎች አንዱ። ንዋይ ኮልፋክስ ላይ ታክስ የሚሠራ፣ ቁም ነገር ካልሆነ የማይደውል ሰው ነው። «ጋሽ ውድነህ፣ አይቀየሙኝና» አለ፤ «ዛሬ እርስዎ ቢቀሩስ? እኔ ምንም ማለቴ አይደለም። ሰዎቹ ጸሎተኞች ናቸው፤ የልጅቷ እናት ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። በጥይት የተመታ ሰው ሲመጣ የምትቀበል ሴት ናት እኮ።» ውድነህ ምን እንደሚመልስ ሲያስብ አረጋሽ ካውያውን ሳታስቀምጥ «እሄዳለሁ በለው» አለች። «ቀርቶ ካፈረ ሰው ሄዶ ያፈረ ይሻላል።»

ሸሚዙን ለበሰ። ገና አራት ሰዓት ነው። ቤቱ ጠበበው፤ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ መስኮቱ ጋ ሄደ። ውጭ የሚያዝያ በረዶ ሌሊት ጥሎ አሁን በፀሐይ እየቀለጠ ከጣሪያው ይንጠባጠባል። ሱቁ ድረስ ሄዶ ካርዱን እንዲያስቀሩለት ቢለምን፣ ቢያንስ ሄዶ ነበር ለማለት ይሆነዋል ብሎ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

ሱቁ ከፊቱ መሣሪያና ጥይት ይሸጥበታል፣ ከኋላው ይተኮስበታል። ቅዳሜ ስለነበር መኪና ማቆሚያው ሞልቷል። ውድነህ በሩን ገፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ያገኘው ራሱን ነው። ጥይቱ በተደረደረበት መደርደሪያ አጠገብ ቁመቱን የሚያክል የካርቶን ውድነህ ቆሟል፤ ያው ሹራብ፣ ያው ፈገግታ፣ ያው የቆሎ አቀራረብ። እውነተኛው ውድነህ ክረምቱን ትንሽ ከስቷል እንጂ ልዩነት የላቸውም። ሕፃን በጋሪ የያዘች ወጣት ሴት አጠገቡ ቆማ የዋጋውን ወረቀት ታነባለች። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ «ይኸው መጣ!» ብላ ስትጮህ ሁለት ሦስት ሰው ዞሮ አየና ሁሉም በአክብሮት ራሱን ነቀነቀለት። በኮልፋክስ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ ሳይቀመጡ የሚያልፉ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ውድነህ ደስ አለው፤ ደስ ስላለው ደግሞ ተናደደ።

ሥራ አስኪያጁ መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሚመስል ሰው ነው። ቢሮው አስገብቶት ውሃ ሰጠው። ውድነህ በሚችለው እንግሊዝኛ፣ በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት ፎቶው እንዲነሳለት አስረዳ። ሰውየው በትዕግሥት ሰማና «ሰው ስለኛ ምን እንደሚያስብ ታውቃለህ?» አለው። «ጢሙን ያንዠረገገ፣ ትልቅ ፒክአፕ የሚነዳ፣ ሁልጊዜ የተቆጣ ነጭ ሰውዬ። መሣሪያ ያለው ሰው ሲባል ቴሌቪዥን የሚያሳየው እሱን ነው። የኔ አባት እሱን አይመስልም ነበር፤ አንተም አትመስልም። ያንን ምስል ለመቀየር ስንት ዘመን ደክመናል። አንተ በአንድ ፈገግታ ቀየርከው። አሁን እናቶች ይመጣሉ፤ ከቬትናም፣ ከሜክሲኮ፣ ካንተም አገር የመጡ ሰዎች ይመጣሉ። እዚህ ገብተው የማያውቁ ሰዎች።» ውሉ እስከ በጋ መጨረሻ መሆኑን፣ ካርዱም ለሁሉም ቤት ተልኮ ያለቀ መሆኑን ጨምሮ ነገረው። ከዚያ እውነት ለማወቅ የፈለገ በሚመስል ድምፅ «የሚያሳፍርህ ነገር አለው?» ሲል ጠየቀ። ውድነህ አመሰግናለሁ ብሎ ብርጭቆውን መለሰለት። ሽጉጥ መያዙ አላሳፈረውም፤ ከሚስቱ መደበቁ አሳፍሮት ነበር። አሁን የተሰማው ግን ከሁለቱም ያልሆነ፣ ስም ያላወጣለት ነገር ነው። ሲወጣ አንዲት ነጭ አሮጊት እጁን ይዛ አስቆመችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን እንደምትኖር፣ እዚህ መግባት ትፈራ እንደነበር፣ የሱን ፊት ስታይ ግን ልቧ እንደቆረጠ ነገረችው። ሁለት ካርቶን ይዛ ነበር። «አመሰግናለሁ» አለችው፤ እሱም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ «ምንም አይደል» አላት።

በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሌላው ሽማግሌ አባይነህ መጥቶ ወሰደው። አባይነህ የሆቴል በር ጠባቂ ነው፤ እሱ ባለበት መኪና ውስጥ ሐዘንተኛም ይስቃል። ንዋይ ከኋላ ወንበር ኮቱን እንደቆለፈ ተቀምጧል።

«ዛሬ እስቲ እምቢ ይበሉን!» አለ አባይነህ መሪውን በመዳፉ መታ እያደረገ። «ለገና ባዶ እጃችንን ሄደን ነው የናቁን። ጥይት የታጠቀ ሽማግሌ አይቶ እምቢ የሚል አባት ካለ፣ ልጅቷን ትተን እሱን ነው ለሊዑል የምናጋባው!»

«አባይነህ፣ ቀልዱን እዚያ እንዳትደግመው» አለ ንዋይ።

«እዚያማ ጌታ ይባርካችሁ ነው የምለው። አፌን አውቃለሁ።» ዞር ብሎ ውድነህን አየው። «አንተ ደሞ ፈገግ በል እንጂ ውድዬ! ፈገግ የምትለው ለማስታወቂያ ብቻ ነው እንዴ?»

ውድነህ አልሳቀም። በታወር ሮድ ግራና ቀኝ ሜዳው ገና ቢጫ ነው፤ በረዶው በጥላ በጥላው ቀርቷል። ነፋሱ ፕላስቲክ ከረጢት አጥር ላይ ይሰቅላል። ወደ ግሪን ቫሊ ራንች ሲታጠፉ ቤቶቹ እርስ በርስ የተኮረጁ ይመስል ተመሳስለው ተደረደሩ፤ ውድነህ እያንዳንዱን የፖስታ ሳጥን ባየ ቁጥር ራሱ ውስጡ የተቀመጠ እየመሰለው ዓይኑን ያሸሽ ነበር።

የልጅቷ ወላጆች፣ አቶ ጳውሎስና ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ በሩን አብረው ከፈቱ። እሱ በትምህርት ቤቶች ጽሕፈት ቤት የሚሠራ፣ በቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ የሆነ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነው። እሷ ቀጭን ናት፤ ዓይኗ ሰው ላይ ሲያርፍ የልብ ምት የሚቆጥር ይመስላል። ሦስቱ እንግዶች ሳሎኑ መካከል ሲደርሱ እንደ ወጉ ቆሙ፤ ውድነህ እጁን አጣምሮ፣ ጎንበስ ብሎ ተናገረ። «ለክብር ጉዳይ ነው የመጣነው። ባለፈው ቆመን ሄደናል፤ ዛሬም ይሁንታችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም። ልጃችሁን አቢጊያን ለልጃችን ለሊዑል እንለምናለን።» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አቶ ጳውሎስ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ ውድነህን፣ ረዘም አድርጎ፣ የሚያውቀውን ፊት የት እንዳየው እንደሚያስታውስ ሰው አየው። «ለገናው እኔም ከፍቶኝ ነበር» አለ። «ተቀመጡ። ለመነጋገር ተቀመጡ።» ንዋይ በረጅሙ ተነፈሰ። መቀመጥ ማለት ግማሹ መንገድ ማለት ነው።

ለስላሳ መጣ፤ ጸሎት ተደረገ፤ ስለ ቤት ዋጋ፣ ስለ ኤርፖርቱ መንገድ መጨናነቅ፣ ስለ እንቁላል መወደድ ተወራ። አቢጊያ ከወጥ ቤቱ በር ብቅ ብላ ሰላም አለቻቸውና ተሸሸገች። ከምድር ቤቱ ደረጃ ወንድሟ ናቲ ወጣ። ቁመቱ ረጅም፣ አሥራ ዘጠኝ ቢሆነው ነው፤ የሹራቡን ኮፍያ ደፍቶ ባዶ እግሩን ነው። ሦስቱንም በተራ እየዞረ ጨበጠ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሲጨብጡት የማይጨብጥ ዓይነት። «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲለው አባይነህ፣ ልጁ ከመመለሱ በፊት አባቱ «ለዚህ መንፈቅ አረፍ እንዲል ነው» አለ። ናቲ ፈገግ ለማለት ሞከረና ተመልሶ ወረደ። ሙሉነሽ የደረጃውን ድምፅ እስከ መጨረሻው እግር ድረስ አዳመጠች። ከዚያ ዳቦውን ልትቆርስ ተነሳች። ውድነህ የተቀመጠበት ወንበር ወደ ወጥ ቤቱ ይቀና ነበርና ሁሉንም አየ። ከአንገቷ ሥር፣ በክር ያንጠለጠለችውን ቁልፍ አወጣች፤ አንድ መሳቢያ ከፈተች፤ ቢላዋ አወጣች። ዳቦውን ቆረሰች። ቢላዋውን አጠበች፣ አደረቀች፣ መልሳ መሳቢያው ውስጥ ከተተችና ቆልፋ ቁልፉን ወደ ደረቷ መለሰች። የለመደችው ሥራ መሆኑ ከእጇ ያስታውቃል። ውድነህ ራሱ በየማታው ቁልፍ የሚነካ ሰው ነውና የቁልፍ ሰው ያውቃል። ዳቦውን ተቀብሎ በላ።

«አቶ ውድነህ» አለ አቶ ጳውሎስ ተነስቶ፤ «እስቲ ጋራዥ ውስጥ አንድ ነገር ላሳይዎት።»

አባይነህ ለንዋይ ጠቀሰው። አባት ከሽማግሌዎቹ አንዱን ነጥሎ ካነጋገረ ብዙ ጊዜ ለደግ ነው። ውድነህ ግን የሚያሳየው ካርዱን መሆኑን አውቆ ተከተለው።

ጋራዡ ቀዝቃዛ ነው። አንድ መኪና፣ ልብስ የተሰቀለበት የመሮጫ ማሽን፣ የልጆች ብስክሌት፣ የቀለም ቆርቆሮዎች። አቶ ጳውሎስ በሩን ዘግቶ ከደረት ኪሱ በአራት የታጠፈውን ካርድ አወጣ። ውድነህ እዚህ ላይ አለቀ ሲል አሰበ፤ የአረጋሽ ፊት መጣበት።

«አቶ ጳውሎስ፣ ስለዚህ ነገር ይቅርታ—»

«አይ፣ አይ! ምን ይቅርታ አለው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ የያዙት ጥይት ጥሩ ነው?»

ውድነህ አልገባውም። አቶ ጳውሎስ ከቀለሙ ቆርቆሮዎች በላይ ያለውን ቁም ሳጥን ከፈተ፤ ቁልፍ የለውም። ከውስጡ የመፍቻ ሳጥን፣ ከመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የዋጋ ወረቀቱ ያልተላቀቀ አዲስ ሽጉጥ አወጣ። እንዴት እንደሚያዝ የማያውቅ ሰው አያያዝ ነበር፤ እንደ ዓሣ። «ከገዛሁት ሳምንት ሆኖታል» አለ። «ይሄንን ጋራዥ ሁለት ጊዜ ሰብረውታል። ጥይቱ ነው የቀረኝ። ሱቅ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፣ ጥይት ስገዛ ሰው ቢያየኝ እንደነዚያ መሣሪያ ወዳድ ሰዎች ነው የሚቆጥረኝ ብዬ። ትናንት ይሄ ካርድ መጣ። ጌታ መልስ ሰጠኝ አልኩ። እንደርስዎ ያለ፣ ሰው የሚያስታርቅ ሰው ካደረገው፣ እኔ ማን ነኝ?» ሳቅ አለ። «ስለ ልጆቹ ደግሞ አያስቡ። ጨርሻለሁ። እናቷን እሺ አስብያታለሁ። አሁን ገብተን እንነግራቸዋለን። ብቻ ይንገሩኝ፣ ይሄኛውን ልግዛ ወይስ ሌላ?»

ጥሩ ነው የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትቀረው። ሳሎን ውስጥ እልልታ ይሆናል፤ ሊዑል ስልኩን ይዞ ቤት ውስጥ ሲንቆራጠጥ ይውላል፤ አረጋሽ የዛሬ ጠዋቱን ሙሉ በሙሉ ባትረሳም ትተወዋለች። ውድነህ ሽጉጡን አየ። ካርዱን አየ። ያች ባሏ የሞተባት አሮጊት ሁለት ካርቶኗን አቅፋ ስትወጣ ታየችው።

«ወይዘሮ ሙሉነሽ ያውቃሉ?» አለ።

«እሷማ ብትሰማ ትገድለኛለች!»

«ቢላዋውን ከማን ነው የሚቆልፉት?»

የአቶ ጳውሎስ ፈገግታ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። የሰው ቤት ለጋብቻ የሄደ ሽማግሌ የጣሪያውን ቀዳዳ አይቶ እንዳላየ ይሆናል እንጂ፣ በባለቤቱ ፊት ጣቱን አይቀስርበትም። ውድነህ በዕድሜው ሙሉ ለሌሎች ያስተማረው ሕግ ይኸው ነበር።

«ልጄ ደክሞት ነው» አለ አቶ ጳውሎስ በመጨረሻ። «ትምህርቱ ከብዶት ነው። እየጸለይንለት ነው። እናቱ ሐኪም ቤት ስለምትውል ሁሉን በሽታ ታደርገዋለች። እርስዎ ልጅ ሊለምኑ ነው የመጡት ወይስ የቤቴን ገበና ሊቆጥሩ?»

«እኔ ከገዛሁት ጀምሮ» አለ ውድነህ፤ «አንድም ቀን ተማምኜ ተኝቼ አላውቅም። የምጠብቀው እሱን ሆነ። ሚስቴ ያወቀችው ዛሬ ጠዋት ነው፣ በዚሁ ካርድ። በፎቶው ላይ ያለውን ሰውዬ እኔም አላውቀውም፣ አቶ ጳውሎስ።»

«እንግዲያው ለምን ፈገግ አሉ?»

«ፈገግ በል አሉኝ፣ ፈገግ አልኩ።»

አቶ ጳውሎስ ሽጉጡን ወደ ሳጥኑ ሊመልስ ዞረ። ውድነህ ያን ጊዜ ሳያስበው እጁን አጣመረ፤ ሳሎኑ መካከል እንዳደረገው፣ ጎንበስ አለ። «ለክብር ጉዳይ ነው የመጣሁት» አለ። «ይሄንን ለኔ ይስጡኝ። ሳይሰጡኝ አልቀመጥም፣ ከዚህም አልሄድም።»

«እያላገጡብኝ ነው?»

«እንደ ሽማግሌ ነው የምለምንዎት።»

«ሽማግሌ ባንድ ቀን፣ ባንድ ደጅ፣ ሁለት ነገር ይለምናል?» አለ አቶ ጳውሎስ። «ይምረጡ እንግዲህ። ቤቴ ገብተው ስለ ልጄ እንዲህ ካሉኝ ሰው ጋር አልዛመድም። ልጄን ነው የሚለምኑኝ ወይስ ይሄን?»

ውድነህ ወዲያው አልመለሰም። ሊዑል በሰባት ዓመቱ፣ ኤርፖርት፣ የእናቱን ፎቶ ደረቱ ላይ ይዞ የቆመው ልጅ፣ መጣበት። አረጋሽ እንዴት እንደሮጠች። ያን ልጅ ነው አሁን የሚሸጠው።

«ይሄን» አለ።

ከግድግዳው ማዶ፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ፣ የባዶ እግር ዳና ተሰማ። ወደ ላይ ወጣ፤ መካከል ላይ ቆመ። አቶ ጳውሎስ አንገቱን ወደ ግድግዳው ሰጥቶ፣ ሚስቱ ሳሎን ውስጥ እንዳዳመጠችው አድርጎ፣ የልጁን ዳና አዳመጠ። ዳናው ተመልሶ ወረደ። የአቶ ጳውሎስ ትከሻ ከኮቱ ውስጥ የሟሸሸ መሰለ። የመሮጫውን ማሽን እያየ፣ ሳይዞር፣ ሽጉጡን ወደ ኋላ ዘረጋለት። «ይውሰዱት» አለ። «ስለ ልጄ ግን ለማንም አይናገሩ። ለሚስትዎም ቢሆን።»

«ለማንም።»

ውድነህ ባዶ መሆኑን አረጋግጦ ከኮቱ ውስጥ፣ ከብብቱ ሥር አደረገው።

ሳሎን ሲገቡ አባይነህ ቀልድ ጀምሮ ነበር፤ የአቶ ጳውሎስን ፊት ሲያይ መካከል ላይ ተወው። «ወንድሞች፣ ዛሬ መልስ የለኝም» አለ አቶ ጳውሎስ ቆሞ። «ጌታ ቢፈቅድ ሌላ ጊዜ።» ወይዘሮ ሙሉነሽ ባሏን አየች፤ ከዚያ ውድነህን። ከወጥ ቤቱ በኩል አንድ ብርጭቆ በኃይል ሲቀመጥ ተሰማ፤ አቢጊያ ናት። በሩ ድረስ የሸኛቸው ናቲ ብቻ ነበር። ውድነህ ክንዱን ወደ ጎኑ አጥብቆ ጫማውን በአንድ እጁ ለማጥለቅ ሲታገል አይቶት፣ ልጁ ሳይጠየቅ ቁጢጥ ብሎ ጫማውን አጠለቀለት።

«ጎንዎትን ያምዎታል?» አለ፤ አማርኛው ጥንቃቄ ያለበት ነው።

«ትንሽ።»

«ቴክ ኬር፣ እሺ? በረዶው ያንሸራትታል።»

መኪናው ከሰፈሩ ሲወጣ አባይነህ ሬዲዮውን ከፍቶ ዘጋው። ብረቱ የውድነህን የጎን አጥንት ይወጋዋል፤ ሰኞ ጠዋት ይሄንንም፣ ያን የራሱንም፣ አብሮ ለፖሊስ ያስረክባል። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ አለ።

«ካርዱን አወጣው፣ አይደል?» አለ ንዋይ ከኋላ።

«አወጣው።»

«ብዬ ነበር እኮ! ጠዋት ደውዬ ነግሬዎት ነበር። ስለ አንድ ፎቶ የሁለት ልጆች ነገር—» ቃሉን ሳይጨርስ ወደ መስኮቱ ዞረ። አባይነህ በመስተዋቱ ውድነህን ሊያይ ሞከረ፤ ውድነህ ሜዳውን እያየ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። አረጋሽ ናት። ጠዋት የንዋይ ስልክ ከመጣ ወዲህ ድምፅዋን ሲሰማ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

«ምን አሉ?»

«ዛሬ መልስ የለንም አሉ።»

«እምቢ ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

ስልኩ ውስጥ ከሩቅ የሊዑል ድምፅ «ምን ይላል? እቴቴ፣ ምን አለ?» ሲል ተሰማ። ውድነህ የአረጋሽን ትንፋሽ በጆሮው ይቆጥራል። ከብብቱ ሥር ያለው ነገር በሰውነቱ ሙቀት መሞቅ ጀምሯል።

«በካርዱ ነው?» አለች።

ውድነህ ዓይኑን ጨፈነ።

«አዎ» አላት። «በካርዱ ነው።»